ኤችቢኤስ አንቲጅን ፖዘቲቭ ከሆነ የያዘው አጣዳፊ ሄፓታይተስ ቢ ነው ማለት ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የ31 ዓመት ወንድሜ ከ12 ቀን በፊት ትኩሳት፣ ማቅለሽለሽና ከባድ ድካም ጀመረው። ከ4 ቀን ወዲህ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ ሽንቱም እንደ ሻይ ጠቁሯል። ሲመረመር ኤኤልቲ 1,860፣ ኤኤስቲ 1,240፣ ጠቅላላ ቢሊሩቢን 8.2፣ ዳይሬክት ቢሊሩቢን 5.9፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ 190 ሆነ። ኤችቢኤስ አንቲጅን ፖዘቲቭ፣ የሄፓታይተስ ሲ አንቲቦዲ ኔጋቲቭ፣ የሄፓታይተስ ኤ ጠቅላላ አንቲቦዲ ፖዘቲቭ ነው። አጣዳፊ ሄፓታይተስ ቢ ነው ተባልን። ምን ያህል እርግጠኛ መሆን ይቻላል? የቀረ ምርመራ አለ? ባለቤቱ የ7 ወር ነፍሰ ጡር ናት።»

ከላኩት ውጤት ሁለት ነገር ያለ ጥርጥር ይነበባል። ወንድምዎን አጣዳፊ የጉበት ብግነት ይዞታል፤ በደሙ ውስጥም የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ አለ (ኤችቢኤስ አንቲጅን ፖዘቲቭ መሆኑ የሚለው ይህን ነው)። ብግነቱን ያመጣው ይኸው ቫይረስ ነው ለማለት ግን እስካሁን የተሠራው ምርመራ አይበቃም። ሳያውቀው ለዓመታት ሄፓታይተስ ቢን ተሸክሞ የኖረ ሰው ሌላ ቫይረስ ወይም መድኃኒት ጉበቱን ሲያጠቃበት የሚወጣው ውጤት ከዚህ አይለይም። የቆየው ቢ ራሱ ሲያገረሽም እንደዚሁ ነው። ሦስቱን ለመለየት ጥቂት ተጨማሪ ምርመራና ጥቂት ጥያቄ ያስፈልጋል፤ ወደዚያ እመጣለሁ። በወረቀቱ ላይ ፈልጌ ያጣሁት ከሁሉ አስቸኳይ ምርመራ ግን ስለ ቫይረስ የሚናገር አይደለም።

እሱም አይኤንአር ነው፤ ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለካው። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕሮቲኖች አብዛኞቹን የሚሠራው ጉበት ነው። ከነሱ አንዱ፣ ፋክተር ሰባት የሚባለው፣ በደም ውስጥ ከጥቂት ሰዓት በላይ ስለማይቆይ ጉበት ማምረቱን ሲያቋርጥ አይኤንአር በአንድ ቀን ውስጥ መውጣት ይጀምራል። አልቡሚን፣ ጉበት የሚሠራው ሌላ የደም ፕሮቲን፣ በአንጻሩ በግማሽ ለመቀነስ 3 ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ በአጣዳፊ በሽታ «አልቡሚኑ ደህና ነው» መባል ብዙ የሚያጽናና ነገር የለውም። ኤኤልቲም (ከተጎዳ የጉበት ህዋስ ወደ ደም የሚፈሰው ኢንዛይም) ቢሆን የሚነግረን ምን ያህል ህዋስ እየተጎዳ እንደሆነ እንጂ የቀረው ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ አይደለም። ኤኤልቲው 4,000 የደረሰ ሰው ያለ አንዳች ችግር ሊድን፣ 900 ያለው ደግሞ ሊሞት ይችላል።

ብዙ ቤተሰብ፣ አንዳንዴም ባለሙያ፣ የሚዘናጋበት ሁኔታ አለ። በ3 ቀን ልዩነት ኤኤልቲ ከ1,860 ወደ 600 ወረደ እንበል። ሁሉም እፎይ ይላል። በዚያው ወረቀት ላይ ግን ቢሊሩቢን (ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ቀለም) ከ8 ወደ 15፣ አይኤንአር ከ1.3 ወደ 2.4 ወጥቷል። ይህ መሻል አይደለም፤ ኢንዛይሙ የወረደው የሚጎዳ ህዋስ እያለቀ ስለሆነ ነው። እውነተኛ ማገገም ሲሆን ኢንዛይሙ ሲወርድ አይኤንአር ባለበት ይረጋል ወይም አብሮ ይወርዳል፤ የምግብ ፍላጎትም ይመለሳል። ቢሊሩቢን ግን ኢንዛይሙ መውረድ ከጀመረ በኋላም ጥቂት ቀን ሊጨምር ስለሚችል ብቻውን መውጣቱ አያስደነግጥ።

አይኤንአሩ ከ1.5 በታች ከሆነ፣ ወንድምዎ ንቁ ከሆነና የበላው ከተቀመጠለት ቤት ሆኖ በሳምንት 2 ጊዜ ደም እየሰጠ መከታተል ይቻላል። 1.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መተኛት አለበት። በዚህ ላይ የአእምሮ ለውጥ ከታየ ደግሞ፣ ቀድሞ የጉበት በሽታ ባልነበረበት ሰው፣ ስሙ አጣዳፊ የጉበት ድክመት ነው፤ ፅኑ ሕሙማን ክፍልና ከተቻለ የጉበት ንቅለ ተከላ ወዳለበት ሆስፒታል የሚላከው ያኔውኑ እንጂ ራሱን ከሳተ በኋላ አይደለም። የአእምሮ ለውጡ መጀመሪያ ላይ ስውር ነው፦ ቀን ማንቀላፋትና ሌሊት መንቃት፣ ያለ ባሕርይ መነጫነጭ፣ መልስ ማዘግየት። በየቀኑ ጠዋት በአንድ ወረቀት ላይ ስሙን ያስጽፉት፣ ከሥሩ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ያስሥሉት፤ ቀኑን ይጻፉበት። መስመሩ መዛባት ሲጀምር ከትናንቱ ጋር አስተያይቶ ማንም ያየዋል። ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ መዳፉን ወደ ላይ ሲያጥፍ እጆቹ በየመሀሉ ወደቅ ወደቅ የሚሉ ከሆነም ያው ምልክት ነው። በዚህ ጊዜ «ይረጋጋ» ተብሎ የእንቅልፍ መድኃኒት ወይም ማረጋጊያ አይሰጠውም፤ የቀረውን ንቃት ያጠፋዋል፣ ምልክቱንም ይሸፍናል። የደም ስኳርም አብሮ ይታይ፤ ሲደክም ስኳር ማከማቸትና መልቀቅ የሚሳነው ይኸው ጉበት ነው።

አይኤንአር ሁልጊዜ ከጉበት መድከም ብቻ አይወጣም። ሐሞት ወደ አንጀት ሳይፈስ ሲቀር ቫይታሚን ኬ አይመጠጥም፤ ያለሱ ደግሞ እነዚያ ፕሮቲኖች አይሠሩም። ለመለየት 10 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ኬ በደም ሥር ቀስ ብሎ ይሰጥና ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ አይኤንአሩ ይደገማል። ከተስተካከለ ጥፋቱ የቫይታሚኑ ነበር፤ ካልተንቀሳቀሰ ጉበቱ ራሱ ነው። ሳይደማ ቁጥሩን ለማሳመር ብቻ ፕላዝማ መስጠት አይመከርም፤ አካሄዱን የምናይበትን መለኪያ ያበላሽብናል።

አሁን ወደ ተሠሩት ቁጥሮች። ኤኤልቲ በጉበት ህዋስ ውስጥ የሚኖር ኢንዛይም ነው፤ ህዋሱ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈሳል። የላይኛው ጤናማ ወሰን 40 ነው ብንል የወንድምዎ 46 እጥፍ ተኩል ወጥቷል። አልካላይን ፎስፋቴዝ ደግሞ የሐሞት መስመር ሲዘጋ የሚጨምር ነው፤ ወሰኑን 120 ብንወስድ እዚህ የወጣው 1.6 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። 46.5ን ለ1.6 ሲያካፍሉ 29 ገደማ ይመጣል። ይህ ክፍፍል 5 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ጉዳቱ የህዋሱ ነው፤ 2 እና ከዚያ በታች ሲሆን የሐሞት ፍሰቱ ነው፤ በመካከሉ ያለው ድብልቅ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ኤኤልቲ ከሌላው ኢንዛይም ከኤኤስቲ መብለጡም ለቫይረስ የሚስማማ ነው፤ በአልኮል ጉዳት ላይ ነገሩ ተገልብጦ ኤኤስቲ 2 እጥፍ ሆኖ ይገኛል፣ ከ500 በላይ መውጣቱም እምብዛም ነው።

ዓይን ቢጫ መሆኑ የሚታየው ቢሊሩቢን በዴሲ ሊትር ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ግራም ሲያልፍ ነው። ላብራቶሪው በማይክሮሞል የሚጽፍ ከሆነ በ17.1 ያባዙት፤ 8.2 ማለት 140 ያህል ነው። ከ8.2ቱ 5.9ኙ ዳይሬክት መሆኑ፣ ጉበት አዘጋጅቶት ማስወጣት ያቃተው ነው ማለት ነው። ይህኛው ዓይነት በውኃ ስለሚሟሟ በኩላሊት ያልፋል፤ ሽንቱን ያጠቆረው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ሽንት የሚጠቁረው ዓይን ቢጫ ከመሆኑ ከ1 እስከ 5 ቀን ቀድሞ ነው፤ ሰገራም ይነጣል፣ ሰውነት ያሳክካል። ዳይሬክት ያልሆነው ብቻ ወጥቶ ኢንዛይሞቹ ጤናማ ቢሆኑ ኖሮ የምናስበው ስለ ደም መሰባበር ወይም ጊልበርት ስለሚባለው ጉዳት የለሽ የውርስ ሁኔታ ነበር።

እነዚህ ሁሉ የሚሉት «የጉበት ህዋስ በብዛትና በቅርቡ ተጎድቷል» ነው። ማን ጎዳው የሚለውን አይናገሩም። ኤኤልቲን በሺዎች የሚያወጡ ነገሮች ብዙ አይደሉም፦ አጣዳፊ ቫይረስ፣ መድኃኒትና መርዝ (በተለይ ከመጠን ያለፈ ፓራሲታሞል)፣ በድንገተኛ የደም ግፊት መውደቅ ጉበት ደም ሲያጣ፣ ራስን የሚያጠቃ ሄፓታይተስ፣ አልፎ አልፎ በሐሞት መስመር ላይ እየተንከባለለ ያለ ጠጠር። በወጣት ሰው የዊልሰን በሽታም (መዳብ በጉበት የሚከማችበት የውርስ በሽታ) አይረሳም፤ ያኔ ግን ኢንዛይሙ ይህን ያህል አይወጣም። በፓራሲታሞልና በደም ማጣት ጊዜ ኢንዛይሙ ተሰቅሎ በጥቂት ቀን ውስጥ ይወርዳል፤ በቫይረስ ጊዜ ሳምንታት ይወስዳል።

አልትራሳውንድ ይሠራለት፤ ግን ለምን እንደሚሠራ ይታወቅ። የሚፈለገው የሐሞት ቱቦ አለመስፋቱን፣ የጉበቱ ጠርዝ አለመጎርበጡንና ጣፊያው አለማበጡን ለማየት ነው፤ የኋለኞቹ ሁለቱ የቆየ በሽታን ይጠቁማሉ። በአጣዳፊ ሄፓታይተስ የሐሞት ከረጢት ግድግዳ ወፍሮ መታየቱ የተለመደ ነው። ይህን አይቶ «የሐሞት ከረጢት ኢንፌክሽን» ብሎ ወደ ቀዶ ሕክምና መውሰድ ክፉ ስሕተት ነው፤ የተቆጣ ጉበት ማደንዘዣና ቀዶ ሕክምናን አይችልም። ናሙና በመርፌ ከጉበት መውሰድም እዚህ ላይ አስፈላጊነቱ እምብዛም ነው።

ስለ ትኩሳቱ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ በኋላ ትኩሳቱ ቀጥሏል ወይስ ቆሟል? በቫይረስ ሄፓታይተስ ትኩሳቱ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ በተለምዶ የወፍ በሽታ የምንለው ቢጫነት ሲመጣ ይበርዳል። ከቢጫነቱ ጋር ብርድ ብርድ እያለው ትኩሳቱ ከቀጠለ የሐሞት ቱቦ ኢንፌክሽን፣ ወባ፣ ሌፕቶስፓይሮሲስ (በእንስሳት ሽንት የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ) የመሳሰሉትን ማስወገድ ግድ ነው። በነዚህ ላይ ቢሊሩቢን ብዙ ሊወጣ ይችላል፤ ኤኤልቲ ግን እምብዛም በሺዎች አይቆጠርም። ነጭ የደም ህዋስም ፍንጭ ይሰጣል፤ በቫይረስ ሄፓታይተስ ጤናማ ወይም ዝቅ ያለ ነው።

ወደ ቫይረሶቹ ስንመጣ፣ ዋና ተጠርጣሪዎቹ አምስት ናቸው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እና ኢ። በፊት ገጽታ ብቻ ማንም ሐኪም አይለያቸውም። ጉበቱን በአብዛኛው የሚጎዳው ቫይረሱ ራሱ ሳይሆን ቫይረሱ የገባበትን ህዋስ ለማጥፋት የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ስለሆነ መልካቸው አንድ ዓይነት ነው። የሚለያዩት በመተላለፊያ መንገዳቸው፣ በመቆያ ጊዜያቸውና በመጨረሻቸው ነው።

ኤ እና ኢ የሚገቡት በሰገራ በተበከለ ውኃና ምግብ ነው። ኤ ከገባ እስከ ምልክት ከ15 እስከ 50 ቀን፣ በአማካይ 28 ቀን ይወስዳል። ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅበት ያልፈዋል፤ አዋቂ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ይሆናል። ሥር አይሰድም። ኢ ከ15 እስከ 60 ቀን ይቆያል፤ በጤነኛ ወጣት ከኤ ብዙ አይለይም። በነፍሰ ጡር ላይ ግን ሌላ በሽታ ነው፤ በመጨረሻዎቹ 3 ወራት በውኃ የሚተላለፈው ዓይነት ሲይዛት የሞት መጠኑ ከ20 እስከ 25 በመቶ ይደርሳል። አንዳንዱ የኢ ዓይነት ከአሳማና ከዱር እንስሳት በደንብ ካልበሰለ ሥጋ ይተላለፋል።

ቢ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ከ30 እስከ 180 ቀን ይቆያል። ስለዚህ «ባለፈው ሳምንት ምን ነካህ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። የሚጠየቀው ያለፈው 6 ወር ነው፦ መርፌ፣ ጥርስ መነቀል፣ ቀዶ ሕክምና፣ ደም መውሰድ፣ ንቅሳት፣ የጋራ ምላጭ፣ አዲስ የግብረ ሥጋ ግንኙነት። ሽፍታና የመገጣጠሚያ ሕመም ከቢጫነቱ ቀድሞ ከነበረ ወደ ቢ ያዘነብላል። ሲ የሚተላለፈው በዋናነት በደም ነው፤ በመጀመሪያው ጊዜ ቢጫ የሚሆነው ከአራት ሰው አንድ እንኳ አይሞላም፤ ብዙውን ሰው ግን ሳይለቀው ይቀራል። ዲ ያለ ቢ መኖር የማይችል ቫይረስ ነው፤ ስለዚህ የሚጠረጠረው ኤችቢኤስ አንቲጅን በተገኘበት ሰው ብቻ ነው። ወንድምዎ ከነሱ አንዱ ነው።

እያንዳንዱ ውጤት ምን ያህል ይናገራል? ከቀላሉ ልጀምር። የሄፓታይተስ ኤ ጠቅላላ አንቲቦዲ ፖዘቲቭ መሆኑ ስለ ዛሬው በሽታ ምንም አይልም። በልጅነቱ የያዘውም የተከተበውም ሰው ዕድሜ ልኩን ፖዘቲቭ ነው። መጠየቅ የነበረበት አይጂኤም የሚባለው፣ በአዲስ ኢንፌክሽን ጊዜ የሚወጣው አንቲቦዲ ነው። ምልክት ሲጀምር ይገኛል፤ ከ3 እስከ 6 ወር ይቆያል። ያለ ምልክት በጅምላ ሲመረመር ግን በሐሰት ፖዘቲቭ የሚሆን ስለሆነ የሚታዘዘው ሲጠረጠር ብቻ ነው።

የሲ አንቲቦዲ ኔጋቲቭ መሆኑ ደግሞ የሚመስለውን ያህል አያስተማምንም። አንቲቦዲው የሚታየው ከተጋለጠ ከ8 እስከ 11 ሳምንት በኋላ ነው፤ የቫይረሱ አርኤንኤ (የዘር ቁሱ) ግን ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ይገኛል። አጣዳፊ ሲን በአንቲቦዲ ብቻ አስወግዶ መዝጋት በየቀኑ የሚፈጸም ጥፋት ነው። አርኤንኤው ይሠራ።

ዋናው ጉዳይ ቢ ነው። ኤችቢኤስ አንቲጅን የቫይረሱ ሽፋን ፕሮቲን ነው፤ መኖሩ ቫይረሱ አለ ማለት ነው፣ ከመቼ ጀምሮ እንዳለ ግን አይናገርም። ያንን የሚናገረው ፀረ ኤችቢሲ አይጂኤም፣ ማለትም በቫይረሱ እምብርት ላይ የሚወጣው አዲስ አንቲቦዲ፣ ነው። በአዲስ ኢንፌክሽን ጠንከር ብሎ ይወጣል። ኔጋቲቭ ከሆነ ወንድምዎ የቆየ ተሸካሚ ሳይሆን አይቀርም፤ የዛሬው ብግነትም ወይ የቆየው ቢ ማገርሸት ነው፣ ወይ ተጠያቂው ሌላ ቦታ ይፈለጋል፦ ኤ፣ ኢ፣ ዲ፣ መድኃኒት። ፖዘቲቭ ከሆነስ? ወደ አዲስ ኢንፌክሽን ያዘነብላል፤ ግን የቆየ ቢ ሲያገረሽም ደከም ብሎ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ «ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል ብቻ ሳይሆን የቁጥሩ መጠን ይጻፍልዎ ብለው ላብራቶሪውን ይጠይቁ። የቢ ዲኤንኤ (የቫይረሱ የዘር ቁስ) መጠንም ይረዳል፤ አዲስ ኢንፌክሽን ቢጫነቱ ላይ ሲደርስ ቫይረሱ ብዙ ጊዜ እየወረደ ነው፤ የቆየው ሲያገረሽ ግን ከፍ ብሎ ይገኛል።

ቀድሞ የተሠራ ምርመራ ካለ ከዚህ ሁሉ የበለጠ ዋጋ አለው። ወንድምዎ ባለፉት ዓመታት ደም ለግሷል? ለሥራ፣ ለጉዞ ወይም ለቀዶ ሕክምና ተመርምሯል? ከ1 ዓመት በፊት ኤችቢኤስ አንቲጅኑ ኔጋቲቭ የነበረበት ወረቀት ከተገኘ ክርክሩ አበቃ፤ ቫይረሱ የገባው ከዚያ ወዲህ ነው።

አንድ ተቃራኒ ሁኔታም አለ፤ የእርስዎን ጉዳይ ባይመለከትም ለሌላ አንባቢ ይጠቅማል። አጣዳፊ ቢ ያለበት ሰው ኤችቢኤስ አንቲጅኑ ኔጋቲቭ ሊሆን ይችላል። አንቲጅኑ ጠፍቶ መከላከያው አንቲቦዲ ገና ያልታየበት የሳምንታት ክፍተት አለ፤ በዚያ ወቅት ብቸኛው ምስክር ፀረ ኤችቢሲ አይጂኤም ነው። መከላከያው እጅግ ሲበረታ ጉበቱንም ቫይረሱንም በአንድ ላይ ጠራርጎ ስለሚወስድ ይህ በተለይ በከባዶቹ ላይ ይታያል።

ዲ ከቢ ጋር በአንድ ጊዜ ሊገባ ወይም በቆየ ተሸካሚ ላይ ሊደረብ ይችላል። አብሮ ሲገባ ፀረ ኤችቢሲ አይጂኤም ፖዘቲቭ ነው፤ አዋቂ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ይለቁታል። ሲደረብ አይጂኤሙ ኔጋቲቭ ሆኖ በሽታው ይከብዳል፤ አብዛኛውን ሰው ሥር ይሰድበታል፣ ወደ ጉበት መኮማተርም ቶሎ ያደርሳል። ዲ የቢን መባዛት ስለሚጫን የቢ ዲኤንኤ ዝቅ ብሎ መገኘቱ «ቢው ቀላል ነው» አያሰኝም። የዲ አንቲቦዲ ዘግይቶ ሊወጣ ስለሚችል ኔጋቲቭ ቢሆንም ጥርጣሬው ካለ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይደገማል፤ አርኤንኤው መሠራት ከቻለ የተሻለ ነው።

በመሆኑም የጎደለው ዝርዝር ይህ ነው፦ ዛሬ አይኤንአር፣ የደም ስኳር፣ ኩላሊትና ሙሉ የደም ቆጠራ፤ ከዚያው ደም ላይ ፀረ ኤችቢሲ አይጂኤም፣ የኤ አይጂኤም፣ የኢ አይጂኤም፣ ፀረ ዲ አንቲቦዲ፣ የሲ አርኤንኤ፣ የቢ ዲኤንኤ። ኤችአይቪም አይቅር። ለቢ የሚሰጡት መድኃኒቶች ኤችአይቪም ላይ ስለሚሠሩ፣ ኤችአይቪ ያለበት ሰው ሳይታወቅ አንዱን ብቻ ቢወስድ ቫይረሱ ይለምደዋል። አቅም ውስን ከሆነና ከቫይረሶቹ ሁለት ብቻ ምረጥ ብባል ፀረ ኤችቢሲ አይጂኤምንና፣ ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ስላለች፣ የኢ አይጂኤምን እመርጣለሁ። እነዚህ ሁሉ ኔጋቲቭ ከወጡ ወደ ኤፕስታይን ባር፣ ሳይቶሜጋሎ፣ ሄርፒስ ቫይረስና ራስን ወደሚያጠቃ ሄፓታይተስ ይኬዳል።

መድኃኒቱን ግን ማንም ላብራቶሪ አያገኘውም፤ ጠይቆ ነው የሚገኘው። ባለፉት 3 ወራት የወሰደውን ሁሉ፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት፣ አንቲባዮቲክ፣ የሰውነት ማዳበሪያ ዱቄት፣ ቅጠላ ቅጠል ሳይቀር፣ ከነማሸጊያው በአንድ ከረጢት ይዘው ይሂዱ። «ምንም አልወሰደም» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ «ሐኪም ያዘዘው የለም» ማለት ሆኖ ይገኛል።

ሕክምናውን በተመለከተ ባጭሩ፦ አጣዳፊ ቢ ሆኖ ከተገኘ ከአዋቂዎች ከ95 በመቶ በላይ ያለ ፀረ ቫይረስ ይድናሉ። ቴኖፎቪር ወይም ኢንቴካቪር የሚጀመረው አይኤንአር ሲወጣ ወይም ሕመሙና ቢጫነቱ ከ4 ሳምንት በላይ ሲዘልቅ ነው። ስቴሮይድ አይሰጥም። አልኮል ፈጽሞ የለም። ለትኩሳትና ለሕመም ፓራሲታሞል በቀን ከ2 ግራም አይለፍ፤ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ይቅሩ። የምግብ ክልከላ የሚባለው መሠረት የለውም፤ ቅባት ካላቅለሸለሸው መብላት ይችላል። ጠዋት ላይ የምግብ ፍላጎት ስለሚሻል ዋናውን ምግብ ጠዋት ማድረግ ይጠቅማል። አልጋ ላይ መዋልም ግዴታ አይደለም፤ ድካሙ በፈቀደ መጠን መንቀሳቀስ ይችላል። ጉበት ያጥባል የሚባል ማንኛውም ድብልቅ ይቅር፤ አንዳንዱ ራሱ የዚህ በሽታ መንስኤ ነው።

ስለ ባለቤቱ። የእርሷ ጉዳይ የእሱን ውጤት አይጠብቅም። በዚህ ሳምንት ኤችቢኤስ አንቲጅን፣ ጠቅላላ ፀረ ኤችቢሲና ፀረ ኤችቢኤስ አንቲቦዲ (ከቢ የሚከላከለው) ትመርመር። በእርግዝና ክትትል የተሠራላት ቢኖርም ይደገም፤ ያ ውጤት ቫይረሱ ወደ እሱ ከመግባቱ በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ኔጋቲቭ ከሆኑ የመጀመሪያውን የቢ ክትባት ወዲያውኑ ትውሰድ፤ ለነፍሰ ጡር አደጋ የለውም። የመጨረሻው ግንኙነታቸው ከ14 ቀን ያላለፈ ከሆነ የቢ ኢሚዩኖግሎቡሊን (የተዘጋጀ አንቲቦዲ ያለበት መርፌ) በኪሎ 0.06 ሚሊ ሊትር ይጨመርላታል። እስከዚያው ኮንዶም፤ ምላጭ፣ ጥፍር መቁረጫና የጥርስ ብሩሽ ለየብቻ። ቢ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሳይሞት ስለሚቆይ የደረቀ ደምም ቢሆን በበረኪና ይጠረግ። ከመውለዷ በፊት ኤችቢኤስ አንቲጅኑ አንድ ጊዜ ይደገም።

እርሷም ፖዘቲቭ ከሆነች የቫይረሷ መጠን ይለካ። በሚሊ ሊትር ከ200,000 ዩኒት በላይ ከሆነ ቴኖፎቪር ከ28ኛው ሳምንት ገደማ ይጀመራል፤ 7 ወር ማለት በዚያው አካባቢ ስለሆነ የሚባክን ሳምንት የለም። ሕፃኑ በተወለደ በ12 ሰዓት ውስጥ ኢሚዩኖግሎቡሊንና የመጀመሪያ ክትባቱን በተለያየ ጭኑ ላይ ይወስዳል። እርሷ ኔጋቲቭ ብትሆንም ክትባቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሰጠዋል። ይህ ሁሉ ችኮላ የመጣው ቢ ሲወለዱ ከያዘ ከ10 ልጆች በ9ኙ ላይ ሥር ስለሚሰድ ነው፤ በአዋቂ ላይ ግን ሥር የሚሰደው ከ20 ሰው በአንዱ እንኳ አይሆንም። ጡት ማጥባትም ይቻላል።

የወንድምዎ የኢ አይጂኤም ፖዘቲቭ ከወጣ ዋናው ስጋት ከእሱ ወደ እርሷ መተላለፉ አይደለም፤ ኢ ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ ብዙ አይሄድም። ስጋቱ ሁለቱም ከአንድ ውኃ መጠጣታቸው ነው። ውኃዋ ይፈላ፣ ሥጋ በደንብ ይብሰል፤ ማቅለሽለሽ ወይም የሽንት መጥቆር ሲጀምራት የወሊድ ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ትታይ። ኤ ሆኖ ከተገኘ የቤቱ ሰዎች ከተጋለጡበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ የኤ ክትባት ቢወስዱ ይጠቅማቸዋል። እጅ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፤ አልኮል ያለው የእጅ ማጽጃ የኤ ቫይረስን በደንብ አይገድልም። ሰውየው ብዙ ቫይረስ የሚያወጣው ቢጫ ከመሆኑ ከ2 ሳምንት በፊት ጀምሮ ስለሆነ ዕቃውን አሁን መለየት ያለፈውን አይመልስም፤ ቢጫ ከሆነ ከ1 ሳምንት በኋላ ደግሞ ብዙም አያስፈራም።

ለወንድምዎ የክትትሉ ሰሌዳ፦ ኢንዛይሙ እየወረደ አይኤንአሩም እስኪረጋ በሳምንት 2 ጊዜ፣ ከዚያ በሳምንት 1 ጊዜ፣ ቢሊሩቢን ከተስተካከለ በኋላ በወር አንድ ጊዜ። ኤ ሆኖ ከተገኘ ደህና ከሆነ ከሳምንታት በኋላ ኢንዛይሙ ዳግመኛ ሊወጣ ይችላል፤ ይህ የታወቀ ማገርሸት ነው፣ ያልፋል። ቢ ሆኖ ከተገኘ በ3ኛውና በ6ኛው ወር ኤችቢኤስ አንቲጅንና ፀረ ኤችቢኤስ አንቲቦዲ ይሠራ። በ6ኛው ወር አንቲጅኑ ጠፍቶ አንቲቦዲው ከታየ ድኗል። ሁለቱም ካልታዩ ከ1 ወር በኋላ ይደገም። አንቲጅኑ ካለ ግን ሥር የሰደደ ቢ ነው፤ ያኔ የሚከፈተው ሌላ ፋይል ነው፤ የቢ ዲኤንኤ፣ ኤችቢኢ አንቲጅን (የቢ ቫይረስ ሌላ ፕሮቲን እንጂ ሄፓታይተስ ኢ አይደለም) እና የጉበት መጠንከር (ጠባሳ) መለኪያ ታይቶ መድኃኒት ያስፈልገው እንደሆነ ይወሰናል።